አህመዳባድን ለማየት የትኛው በዓል ይሻላል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ወንድሜ ሕንድ አገር፣ አህመዳባድ ከተማ ይማራል። ከእናቴ ጋር ሄደን ልንጠይቀው አስበናል። እናቴ ስልሳዎቹን አልፈዋል፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ጾምም አይሽሩም። ከሄድን አይቀር በዓል ላይ ብንደርስ ደስ ይለናል። በከተማው ብዙ በዓል አለ ይሉናል። የትኛውን እንምረጥ?»

እህቴ፣ መልሴ ኡታራያን ነው። የካይት፣ ማለትም በክር ተይዞ በነፋስ የሚበር ወረቀት፣ በዓል ነው። ጃንዋሪ 14 ቀን ይውላል፤ በእኛ ጥር 6። እንጀራዬ መንገደኛ ወደ ምዕራብ ሕንድ መላክ ነውና የከተማዋን በዓላት ተራ በተራ አውቃቸዋለሁ። ጥያቄሽን ሳነብ ግን ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው እናትሽ ጉልበትና ጾም ላይ ነው። ሁለቱንም የሚያከብር፣ ለወንድምሽም የሚጥም በዓል ከተባለ እንደ ኡታራያን የሚሆን የለም።

አንደኛ ነገር፣ ቀኑ አይንቀሳቀስም። አብዛኞቹ የሕንድ በዓላት በጨረቃ ስለሚቆጠሩ ከዓመት ዓመት ወዲያና ወዲህ ይላሉ። በየሦስት ዓመቱ ገደማ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ወር ይገባል፤ ያኔ በዓሉ በሳምንታት ይገፋል። ለምሳሌ የዘጠኝ ሌሊቱ የጭፈራ በዓል ናቭራትሪ እ.ኤ.አ. በ2025 ሴፕቴምበር 22 ጀመረ። በ2026 ግን የሚጀምረው ኦክቶበር 11 ነው። ኡታራያን የሚከተለው ፀሐይን ነው፤ ፀሐይ ወደ ሰሜን ጉዞዋን ጀመረች ተብሎ የሚከበር ነው። ስለዚህ የአውሮፕላን ትኬትሽን ያለ ሥጋት ከወራት በፊት መቁረጥ ትችያለሽ።

ሁለተኛው ጾም ነው። የገና ጾም አልቆ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ባለው ጊዜ ላይ ይውላል። ከረቡዕና ዓርብ እንዲሁም ከጥምቀት ዋዜማው ገሃድ በቀር እናትሽ እንደ ልብ የሚበሉበት ጊዜ ነው። ጥምቀትን አገር ቤት ማክበር ከፈለጉም ያደርሳቸዋል፤ ከበዓሉ እስከ ጥምቀት አምስት ቀን አለ። አየሩም ደግ ነው። ጃንዋሪ ውስጥ ቀኑ ሞቅ፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል፤ ሹራብና ነጠላ ይበቃል። በሜይ ብትሄዱ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። እናትን ይዞ አይሞከርም።

አሁን ወደ በዓሉ ልግባ።

ኡታራያን የሚከበረው ሰገነት ላይ ነው። የከተማው ሰው ሁሉ ቤቱ አናት ላይ ይወጣል። አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ጎረቤት፣ ቀርቶ የማያውቅ ዘመድ ሁሉ። ከንጋት እስከ ማታ ካይት ይለቀቃል። ካይቱ ቀጭን ወረቀትና ሁለት የቀርከሃ ስንጥር ነው፤ ጅራት የለውም፤ ለውጊያ የተሠራ ነው። የጨዋታው ዓላማ የሌላውን ሰው ክር በራስሽ ክር መቁረጥ ነው። ክሮቹ ሰማይ ላይ ሲጠላለፉ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ክሩን በፍጥነት እየለቀቁ መሄድ ነው፤ ክሩ ሲሮጥ የሌላውን ይገዘግዛል። ሌላው በኃይል ወደ ራስ መሳብ ነው። ጎበዝ የሚባለው በየትኛው ቅጽበት የትኛውን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ነው። የተቆረጠው ካይት እየተንሳፈፈ ሲወርድ ሰገነቱ ሁሉ «ካይ ፖ ቼ!» ብሎ ይጮኻል፤ ቆረጥኩት ማለት ነው። ጥሩምባ ይነፋል፣ ትሪ ይደበደባል። ሕፃናት የወደቀውን ለመያዝ ጣራ ለጣራ ይሯሯጣሉ።

ካይት የሚያበር ሰው ሁልጊዜ ብቻውን አይደለም። ከኋላው የክር ማጠንጠኛውን የሚይዝለት ሰው ይቆማል። ክሩ ሲፈለግ ይለቅለታል፤ ካይቱ ሲመለስ ይጠቀልልለታል። ለእናትሽ ይህ ቦታ በጣም ይሆናቸዋል። ወንበር ይሰጣቸዋል፣ ማጠንጠኛውን ይይዛሉ፣ ወንድምሽ ያበራል። እንግዳ ዳር ቆሞ ከሚያይበት በዓል ይልቅ እንግዳ እጁን ከሚያስገባበት በዓል እኔ አብልጬ እወዳለሁ።

ከበዓሉ በፊት ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድማችሁ ብትደርሱ፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት የገና ጾም ላይ ቢውሉም፣ ክሩ ሲዘጋጅ ታያላችሁ። ለእኔ ከበዓሉ ቀን የማይተናነስ ትዕይንት ነው። በመንገድ ዳር ሁለት ቋሚዎች ይተከሉና የጥጥ ክር በመካከላቸው ብዙ ጊዜ ይዘረጋል። ሠራተኞቹ የተፈጨ ጠርሙስ፣ የሩዝ ሙቅና ቀለም አንድ ላይ ያቦካሉ። ሊጡን መዳፋቸው ላይ ይዘው ክሩን እየጨበጡ ከቋሚ ቋሚ ይመላለሳሉ። ጣታቸውን በጨርቅ ጠቅልለውታል። ከቀለሞቹ ብዙውን ጊዜ የምታዩት ደማቅ ሮዝ ነው፤ መንገዱም እጃቸውም ሮዝ ይሆናል። ሲደርቅ ያ ክር ምላጭ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ በጥብቅ የማሳስብሽ ነገር አለ። ክሩ ሰው ይገድላል። የተቆረጠ ካይት ክር መንገድ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀርና ሞተር ሳይክል ነጂውን አንገቱ ላይ ያገኘዋል። ለዚህ ነው በዚያ ሰሞን የከተማው ሞተሮች ከመሪያቸው በላይ የተቆለመመ ሽቦ አስረው የምታያቸው፤ ክሩን ከነጂው አንገት እንዲያስቀር ነው። የናይለኑና የሰው ሠራሹ ክር ከዚህም ስለሚብስ በሕግ ታግዷል፤ የሚሸጥ ግን አይጠፋም። ስለዚህ ከጃንዋሪ መጀመሪያ እስከ በዓሉ ማግሥት ወንድምሽ በሞተር አያመላልሳችሁ። ባለ ሦስት እግሯ ሪክሾ ወይም መኪና ያዙ። እሱ ራሱ በሞተር የሚሄድ ከሆነ አንገቱን በወፍራም ሻርፕ ይጠቅልል። ሰገነት ላይ ደግሞ ጣታችሁን በፕላስተር ሸፍኑ። ሁሉም ሰው ያደርገዋል፤ ሱቁ ከካይቱ ጋር አብሮ ይሸጠዋል።

ወፎችም ይጎዳሉ። ርግብ፣ ጭልፊት፣ ከሩቅ አገር ለብርድ ወራት የመጡ የውኃ ወፎች ክሩ ውስጥ ይገባሉ። አህመዳባድ ያለችበት የጉጃራት ክልል መንግሥት በየዓመቱ በዚያ ሰሞን የተጎዱ ወፎችን የማንሳትና የማከም ዘመቻ ያካሂዳል፤ የእንስሳት ሐኪሞችና በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች ይሰለፋሉ። ወፍ የሚንቀሳቀሰው በማለዳና ሲመሻሽ ነውና በእነዚያ ሰዓታት ካይት ባታወጡ መልካም ነው። ከሰገነቱ ስትወርዱም የተበጣጠሰውን ክር ሰብስባችሁ አስወግዱት። ይህን የማደርገው በዓሉን ስለምወደው ነው፤ እናንተም እንድታደርጉት እለምናለሁ።

የት እንውጣ ካልሽ፣ ከተማዋ ሁለት ፊት አላት። ከሳባርማቲ ወንዝ በስተ ምሥራቅ አሮጌው ከተማ አለ። ሱልጣን አህመድ ሻህ በ1411 የቆረቆራት እሷ ናት፤ በ2017 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል፤ ከሕንድ ከተሞች የመጀመሪያዋ ናት። ቤቶቹ «ፖል» በሚባሉ ጠባብ ሰፈሮች ተጠጋግተው የተሠሩ፣ በራቸውና ዓምዳቸው የተጠረበ እንጨት ነው። ጣራዎቹ ስለሚቀራረቡ የካይቱ ውጊያ የሚጦፈው እዚያ ነው። ባለቤቶቹ ለበዓሉ ቀን ሰገነታቸውን ያከራያሉ፤ አንዳንዶቹ ቁርስና ምሳ ጨምረው። ችግሩ ደረጃው ነው። እንደ መሰላል የቆመ፣ ጠባብ፣ አንዳንዱ መያዣ የሌለው ነው። የእናትሽ ጉልበት አይችለውም። ለእሳቸው በወንዙ ምዕራብ ባለው አዲሱ ከተማ ሊፍት ያለው አፓርትመንት ይሻላል። ፖሉን አንቺና ወንድምሽ በማግሥቱ እዩት። ጃንዋሪ 15ም በዓል ነው፤ «ቫሲ ኡታራያን» ይሉታል፤ ካይቱ ይቀጥላል።

ከበዓሉ በፊት ባሉት ቀናት ደግሞ በወንዙ ዳር ዓለም አቀፍ የካይት ፌስቲቫል አለ። ከብዙ አገር የመጡ ባለሙያዎች ዓሣ፣ ዘንዶ፣ ፊኛ የሚያህል ግዙፍ ካይት ያወጣሉ። ቦታው ሜዳ ነው፤ ደረጃ የለውም። ለእናትሽ ይመቻል። በዚያው በኩል በ2022 የተከፈተው አታል የእግረኞች ድልድይ አለ፤ አሠራሩ ካይትን የሚያስታውስ ነው። ቆንጆ ነው፤ ግን ፌስቲቫሉን ብቻ አይቶ ኡታራያንን አየሁ ማለት አይቻልም። ዋናው ሰገነቱ ነው።

ሲመሽ ነጭ ካይት ወጥቶ ከክሩ ላይ የወረቀት ፋኖሶች ይደረደራሉ። «ቱካል» ይባላሉ። ዛሬ ርችቱ እየሸፈናቸው ነው እንጂ አሮጌው ከተማ ላይ አሁንም ይታያሉ። እናትሽን እስከዚያ ሰዓት አቆዪያቸው።

አሁን ምግብ። ጉጃራት ሥጋ የማይበላ ሰው የበዛበት ክልል ስለሆነ ብዙ መንገደኞች «ለጾም ተመቸን» ብለው ይሄዳሉ። ተጠንቀቂ። ሥጋ የለውም እንጂ ወተቱ፣ እርጎውና ንጥር ቅቤው በሁሉም ነገር ውስጥ ነው። ቂጣው ላይ ይቀባል፣ ምስሩ ላይ ይፈሳል፣ ጣፋጩ በእሱ ይሠራል። «ጄይን» ተብሎ የሚሸጥ ምግብ አለ፤ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ድንች የሌለበት ነው፤ ወተት ግን ይገባበታል። ስለዚህ በጾም ቀን ወንድምሽ ቅቤ፣ ወተት፣ እርጎ ብሎ አንድ በአንድ ጠርቶ ይከልክል። «ቬጅ (ሥጋ የሌለው) ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም።

ለኡታራያን የሚሠራው ዋናው ወጥ «ኡንዲዩ» ነው። የብርድ ወራት አትክልት ሁሉ የሚገባበት ነው፦ እሸት ባቄላ መሳይ ጥራጥሬ፣ ስኳር ድንች፣ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ቦይና መሳይ ሥር፣ ያልበሰለ ሙዝ፣ በሽምብራ ዱቄትና በአረንጓዴ ቅጠል የተድቦለቦለ ጥብስ። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በዘይት ነውና በጾም ቀንም ጠይቆ መብላት ይቻላል። ዘይቱ ብዙ ነው፤ እናትሽ ደም ግፊት ካለባቸው በልክ ይሁን። ከእሱ ጋር ጃሌቢ የሚባል ጣፋጭ ይበላል። ከሰሊጥ ወይም ከለውዝና ከጥቁር የሸንኮራ ስኳር የሚሠራው «ቺኪ» ደግሞ ሰገነቱ ላይ ቀኑን ሙሉ ከእጅ አይጠፋም። ያን ቀን ለድሃ መስጠትና ላሞችን ማብላት ልማድ ነው፤ በየመንገዱ የሣር ሸክም ሲገዛ ታያላችሁ።

መንገዳችሁን ወደ ሁለት ሳምንት ብታራዝሙት ብዙ ነገር አብሮ ይገኛል። ከጃንዋሪ 1 እስከ 13 ባለው ጊዜ «ሳፕታክ» የሚባለው የሕንድ ክላሲካል ሙዚቃ ፌስቲቫል አለ። ተቀምጦ የሚሰማ ነው፤ ሌሊቱን ያመሻል። ከኡታራያን ጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ ሞዴራ በሚባል ቦታ፣ ከከተማው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በ11ኛው መቶ ዘመን የተሠራ የፀሐይ ቤተ መቅደስ ፊት ለፊት የጭፈራ ዝግጅት ይደረጋል። መኪና ተከራይቶ ውሎ መመለስ ይቻላል። መብራቱ ሲያርፍበት ድንጋዩ ያምራል።

አንድ ቦታ ግን ሳታዩ እንዳትመለሱ። ላል ዳርዋዛ አካባቢ የሲዲ ሰዒድ መስጊድ አለ። በ1572 እና 73 የተሠራ ነው። ያሠራው ሲዲ ሰዒድ ሐበሻ ነው፤ በመጨረሻዎቹ የጉጃራት ሱልጣኖች ዘመን በጦር መሪዎች ዘንድ ያገለገለ ሰው። በዚያ ዘመን ከአገራችን በባርነት ተወስደው በወታደርነት አድገው እስከ ጦር አዛዥነት የደረሱ ብዙ ነበሩ። የመስጊዱ መስኮቶች ከድንጋይ የተፈለፈሉ ናቸው። አንዱ ላይ የዛፍ ግንድ ከዘንባባ ጋር ተጠላልፎ ቅርንጫፉ እንደ ዳንቴል ሆኖ ወጥቷል፤ በእጅ የተፈለፈለ ድንጋይ መሆኑን ዓይን ለማመን ይቸገራል። የከተማዋ ምልክት ሆኗል፤ ታዋቂው የአህመዳባድ የማኔጅመንት ተቋም አርማውን የወሰደው ከዚያ ነው። መስኮቶቹ ከውጭም ስለሚታዩ ደረጃም ወረፋም የለውም። ለኢትዮጵያዊት እናት ይህን ማሳየት ለእኔ ከማንኛውም ፌስቲቫል አይተናነስም። ወንድምሽ እስካሁን ካላየው ዛሬ ሄዶ ይይ።

ሁለተኛው ምርጫ ናቭራትሪ ነው፤ ለአንቺና ለወንድምሽ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት አንደኛ አደርገው ነበር። ከመስከረም እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ይውላል። ዘጠኝ ሌሊት ሙሉ ከተማው በክብ እየዞረ ይጨፍራል። ጭፈራው «ጋርባ» ነው፤ በ2023 ዩኔስኮ መዝግቦታል። መካከል ላይ የተበሳሳ የሸክላ ማሰሮ ይቀመጣል፤ ውስጡ መብራት ይበራል። ሴቶቹ መስታወት የተሰፋበት ሰፊ ቀሚስ ይለብሳሉ፤ ሎው ጋርደን በሚባለው የማታ ገበያ ይገኛል። በሁለት ጭብጨባ የሚጀምር አለ፣ በሦስት የሚሄድ አለ፣ ከዚያ እየፈጠነ ይሄዳል። ቲኬት የሚከፈልባቸው ትልልቅ ሜዳዎች አሉ። እኔ ግን የሰፈሩን ጋርባ እመርጣለሁ፤ ድምፁ ልክ አለው፣ ጎረቤት ጎረቤትን ያውቃል፣ ስትሳሳቺ እጅሽን ይዘው ያስተምሩሻል። ትልልቆቹ ጋ መታወቂያ ሊጠየቅ ስለሚችል ፓስፖርት ያዙ። ጨርሰው የሚርባቸው ወደ ማኔክ ቾክ ይሄዳሉ፤ ቀን የወርቅ ገበያ፣ ማታ የምግብ አደባባይ ነው።

ለእናትሽ ያልመረጥኩበት ምክንያት ሦስት ነው። በእኩለ ሌሊት የሚጦፍ ነው። ሙቀቱ ገና አልበረደም። ሦስተኛው ደግሞ ጋርባ ለእናት አምላካቸው የሚቀርብ አምልኮ ነው፤ በጸሎት ይከፈታል። እናትሽ ምን እንደሚሰማቸው አንቺ ታውቂያለሽ። የኡታራያን ሰገነት ግን ከሁሉ በላይ የቤተሰብ መዋያ ነው።

ሌሎቹን ባጭሩ። በመብራት በዓሉ በዲዋሊ ላይ አትሂዱ። መብራቱ ያምራል፤ ነገር ግን በማግሥቱ የጉጃራቶች አዲስ ዓመት ነውና ከዚያ ለቀናት ሱቁ ይዘጋል፣ ቤተሰቡ ሁሉ ሽርሽር ይወጣል፣ ከተማው ጭር ይላል። ቤት ውስጥ የሚጠራችሁ ወዳጅ ካለ ብቻ ነው የሚያዋጣው። ሆሊ በማርች ይውላል፤ በአብዛኛው ዐቢይ ጾም ላይ ነው፤ ቀለም መረጫጨቱ ለተማሪ እንጂ ለእናት አይሆንም። የሠረገላ በዓሉ ራት ያትራ ግን ታላቅ ነው። በሰኔና በሐምሌ መካከል፣ ከጃማልፑር የጃጋናት ቤተ መቅደስ ሦስት ሠረገላ እየተሳበ አሮጌውን ከተማ ይዞራል፤ ከ1878 ጀምሮ። የክልሉ ዋና ሚኒስትር ራሱ በወርቅ መጥረጊያ መንገዱን ይጠርጋል። ሳራስፑር ሰፈር ሲደርስ ነዋሪው ለመጣው ሕዝብ ሁሉ ምግብ ያቀርባል። ግፊያው ከባድ ነው፤ በ2025 አንድ ዝሆን ደንግጦ ሕዝብ መሃል ሮጧል። ከፎቅ መስኮት ካልሆነ እናትን ይዤ አልቆምበትም።

የጉዞ ነገር። ከአዲስ አበባ ሙምባይ በቀጥታ መብረር ይቻላል። ከሙምባይ አህመዳባድ በፈጣኑ «ቫንዴ ባራት» ባቡር አምስት ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ ወንበሩ ምቹ ነው፣ ለጉልበት ከመኪና ይሻላል። ትኬቱ የሚከፈተው ከጉዞው 60 ቀን በፊት ነው። ለኡታራያን ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ስለሚመለስ ቶሎ ያልቃል፤ በተከፈተበት ቀን ቁረጡ። ጉጃራት ከ1960 ጀምሮ መጠጥ የተከለከለበት ክልል ስለሆነ ለወንድምሽ አረቄም ሆነ ጠጅ ይዛችሁ እንዳትሄዱ።

ቡና ግን ያዙ። ወንድምሽ አሁኑኑ አከራዩን ወይም የክፍል ጓደኛውን «ለኡታራያን እናቴ ትመጣለች፣ ሰገነታችሁ ላይ እንውጣ?» ብሎ ይጠይቅ። እምቢ የሚል ጉጃራቲ ገና አላጋጠመኝም። ሊፍቱ እስከ ጣራው ይደርስ እንደሆነ፣ እስከ መጨረሻው ፎቅ ብቻ ከሆነም ስንት ደረጃ እንደሚቀር አብሮ ይጠይቅ።